ረጅም፣ አጭር፣ ጠባብ፣ ሰፊ

እትዬ ጃፓንኛ መማር የጀመረችው ስልሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ይህን ስናገር የማይስቅ የለም፤ እኔም ቀድመው ከሳቁት አንዷ ነኝ። አንድ ቀን ጠዋት መቀሷን በጨርቅ እየወለወለች፣ "ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት ልገባ ነው" ስትለኝ፣ "ዩኒፎርምሽንስ ማን ሊሰፋልሽ ነው?" አልኳት። መወልወሏን ቀጠለች። እትዬ አንድ ነገር ከቆረጠች አትከራከርም፤ ዝም ብላ ታደርገዋለች።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ ልብስ ሰፊ። ሁለታችንም ባሎቻችንን ቀብረን አንድ ቤት የገባን ሴቶች ነን። ከላይ እንተኛለን፣ ከታች እንሠራለን። የእሷ ማሽን ብርሃን እንድታገኝ ከመስኮቱ ሥር ነው። ከጎኗ የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ማዶ የእኔ ካውያ አለ። እኔ እተኩሳለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ደንበኛ እቀበላለሁ፣ አወራለሁ። ማውራቱን ያዘዘኝ የለም፤ ግን ከሁለት ሰው አንዱ ማውራት አለበት፣ አለበለዚያ ቤቱ ቤት አይመስልም።

አብዛኛው ሥራችን የልጆች ልብስ ነው። የእትዬ የልጅ ልብስ ደግሞ አንድ ሕግ አለው፤ ከታች፣ ከጠርዙ፣ አራት ጣት የሚያህል ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይሰፋል። ልጅ ያድጋል። ቀሚሱ ወይም ሱሪው ሲያጥረው እናቲቱ እጥፋቱን ተርትራ ታወርደዋለች፣ ልብሱም ከልጁ ጋር አብሮ ያድጋል። ይህን የማታውቅ እናት በሰፈራችን የለችም። እንዲያውም ልብሱን ስትረከብ ከሁሉ በፊት ጠርዙን ገልብጣ በጣቷ የምትለካ ሞልታለች፤ ሦስት ጣት ሆኖ ካገኘችው ቀኑን ሙሉ ስንጨቃጨቅ እንውላለን። ስለዚህ "ውስጡ ትርፍ ጨርቅ አለ" ብሎ ማስረዳት የሚባል ነገር ከቶ ትዝ ብሎን አያውቅም። ለማን ይነገራል? ለሁሉ የታወቀ ነገር ነው።

እትዬ አንድ ልጅ ነበራት። እኔ አልወለድኩም፤ ስለዚህ "ልጃችን" እለዋለሁ፤ አሳድጌዋለሁና መብቴ ነው። የመርከብ ሞተር ሊማር ጃፓን ሄደ፤ እዚያው ሥራ ያዘ፣ እዚያው አገባ፣ እዚያው ሴት ልጅ ወለደ። ልጅቷን በስልክ ፎቶ ያየናት ዕለት እትዬ "ሚጢጢ" አለቻት፤ ስሟ ያ ሆኖ ቀረ። ቁርጥ አባቷን ናት። ሚጢጢ አምስት ዓመት ሳይሞላት ልጃችን ታመመ፣ ሞተ፣ እዚያው አረፈ። ከዚህ በላይ ስለ ሞቱ አልጽፍም፤ ሆድ ይፍጀው።

እሱ ሳለ በየሳምንቱ ይደውል ነበር። ስልኩን ፊት ለፊት ያቆመውና ራሱ መሃል ይቀመጣል፤ ሚጢጢ በጃፓንኛ ስትንጫጫ እሱ ይተረጉማል፣ እኛ ስንንጫጫ እሱ ይተረጉማል። ሲደክመው፣ "አሁን ደግሞ ተሳሳቁ፣ መሳቅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም" ይለን ነበር። ከሞተ በኋላ እውነትም መሳሳቅ ብቻ ቀረልን። ምራታችን በወር አንዴ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ትደውላለች። ጨዋ ሴት ናት፤ አንድም ወር አላጓደለችም። ስልኩን ይዛ ልጅቷን ታሳየናለች፤ ልጅቷ እጇን ታወዛውዛለች፣ እኛ እጃችንን እናወዛውዛለን፣ ፈገግ እንላለን፣ ጉንጫችን እስኪዝል ፈገግ እንላለን። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል፤ እትዬ ጥቁሩን መስታወት ትንሽ አይታው ወደ ማሽኗ ትሄዳለች።

ከዚህ ሌላ የቀረን ቀሚሱ ነበር። እትዬ በየዓመቱ ለሚጢጢ ልደት አንድ ቀሚስ ሰፍታ ትልካለች፤ ገና ከተወለደች ጀምሮ። ልኳን ለክታት አታውቅም፤ ከፎቶ ነው የምትገምተው። የሰፈሩን የዚያ ዕድሜ ልጅ ሁሉ አስቁማ ትለካና፣ ከዚያ ትንሽ ጨምራ ትንሽ ቀንሳ ትቆርጣለች። ፖስታ ቤት የምታደርሰው ራሷ ናት፤ በዚህ ጉዳይ እኔን አታምነኝም።

ባለፈው ዓመት ቀሚሱ ከተላከ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከምራታችን አጭር የእንግሊዝኛ መልእክት መጣ። ፋርማሲ የምትሠራው ጎረቤታችን አነበበችልን። "ስለ ቀሚሶቹ ከልብ እናመሰግናለን። ልጅቷ ቶሎ ቶሎ እያደገች ሁሉም አጠሯት። ከእንግዲህ እባክዎን አይድከሙ" ይላል።

"አይድከሙ ማለት ምን ማለት ነው?" አለች እትዬ።

"ማክበሯ ነው እኮ እትዬ" አለች ፋርማሲስቷ።

"አይድከሙ ማለት በቃ ማለት ነው" አለች እትዬ። ፋርማሲስቷ እኔን አየችኝ፤ እኔም የገባኝ እንደዚያ ነው። በወር አንዴ እጅ ማወዛወዝና በዓመት አንዴ ቀሚስ፤ ያለን ያ ነው። ቀሚሱ ከቀረ እጅ ማወዛወዙስ እስከ መቼ ይቆያል? ልጅ ነገ ታድጋለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ጉዳይ ይኖራታል። የማታውቃት አሮጊት ልጅነቷን ሙሉ ፈገግ ስትልባት ኖረች፣ አለቀ።

ያን ቀን እትዬ ሥራ አልሠራችም። አመሻሹ ላይ ሻይ ይዤላት ስገባ ድንገት ቀና አለች። "አጠሯት? አራት ጣት ተትቶ እንዴት ነው የሚያጥራት?" አለች። ተያየን። "አልተረተረችውማ! እጥፋቱን አታውቀውም!"

ነገሩ ያኔ ተገለጠልን። ልጃችን የልብስ ሰፊ ልጅ ነው። በሕይወት ሳለ ቀሚሱ አጠር ሲል መላጫ ወይም መቀስ ይዞ ጠርዙን ተርትሮ የሚያወርደው እሱ ነበር፤ ለእሱ ጥርስ እንደመፋቅ ያለ ነገር ነው፣ ለሚስቱ መንገርም ትዝ አይለውም። እሱ ከሞተ ወዲህ የሚተረትር ጠፋ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቀሚሶቹ ርዝመታቸውን ውስጣቸው እንደያዙ ለልጅቷ አጠሯት። እትዬ ይህን ስታስብ ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። 

በማግስቱ ፋርማሲስቷን ለመንናት። እሷ የምታውቀው ስለ መድኃኒት ነው እንጂ ስለ እጥፋት የእንግሊዝኛ ቃል ከየት ታምጣ? "ከታች በኩል ይክፈቱት" ብላ ጻፈችልን። ወዲያው "ገባኝ፣ አመሰግናለሁ" የሚል መልስ ከአበባ ሥዕል ጋር መጣ። ደስ አለን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚጢጢ ቀሚሱን ለብሳ ብቅ አለች፤ ቀሚሱ ከጉልበቷ ሽቅብ እንደተሰቀለ ነው፤ ስትዞር አየነው፣ ከጀርባዋ የታችኛው ቁልፍ ተከፍቷል። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ።

የስልክ አስተርጓሚም ሞክረናል። እትዬ የተናገረችውን ተርጉሞ እንደገና ወደኛ ቋንቋ ሲመልሰው "የቀሚሱን ሆድ ቅደጂ" ሆኖ ወጣ። "ይህን ብንልክላት ፖሊስ ትጠራለች" አልኩ። እትዬ ስልኩን ደፋችው። "በሰው አፍም በማሽን አፍም አልፈልግም" አለች። "እኔ ራሴ እነግራታለሁ። ምን ብዙ ቃል ያስፈልገኛል? ረጅም፣ አጭር፣ ጠባብ፣ ሰፊ። ዕድሜዬን ሙሉ የተናገርኩት ይህንኑ ነው።"

እንዲህ ነው ትምህርቱ የተጀመረው። ክፍሉ ከአንድ ጎማ መሸጫ በላይ ነው፤ ደረጃውን ስትወጣ የጎማ ሽታ አብሮህ ይወጣል። መምህሩ ጃፓን ሄዶ የመኪና ጥገና ተምሮ የመጣ ወጣት ነው፤ ተማሪዎቹም ለሥራ ወይም ለነጻ ትምህርት የሚሄዱ ልጆች። እኔ "እሷን ላድርስ" ብዬ አብሬ ሄድኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ጉዱን ለማየት ነው። የኋላ ወንበር ላይ ቁልፍ እየተከልኩ እሰማለሁ።

እትዬ ለመምህሩ መጀመሪያ ቀን፣ "ልጄ፣ ሌላው ይቅርብኝ፣ ቅጽሉን ብቻ አስተምረኝ" አለችው። እሱም ደግ ሰው ነው፤ ከሰላምታው ቀጥሎ እሱኑ አስቀደመላት።

"ደስ የሚላችሁን ልንገራችሁ" አለ። "ቅጽላቸው እንደኛው ከስሙ ፊት ነው የሚቀመጠው። እኛ ቀይ ልብስ እንላለን፤ እነሱ አካይ ፉኩ ይላሉ። አካይ ቀይ ነው፣ ፉኩ ልብስ። ነው የሚለውም እንደኛው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ ልብሱ ቀይ ነው ለማለት፣ ፉኩ ዋ አካይ ዴስ። ደግሞ ቅጽላቸው ወንድና ሴት፣ አንድና ብዙ አይለይም። ረጅሙ፣ ረጅሟ፣ ረጃጅሞቹ የሚባል ጣጣ የለም።"

"ተገላገልን" አለች እትዬ ጮክ ብላ።

"ገና ነው እናቴ፣ ቆይ ይመጣል" አለ መምህሩ እየሳቀ። "ቅጽሎቹ ሁለት ወገን ናቸው። አንዱ ወገን መጨረሻው ኢ ነው፤ ናጋይ ረጅም፣ ሚጂካይ አጭር፣ ኪትሱይ ጠባብ፣ ዩሩይ ሰፊ። እነዚህ ስሙን ራሳቸው ይይዙታል፤ ናጋይ ፉኩ፣ ረጅም ልብስ። ሌላው ወገን ግን ስሙን ለመያዝ መሃል ላይ ና የምትባል ቃል ይፈልጋል። ሺዙካ ጸጥ ያለ ማለት ነው፤ ጸጥ ያለ ልጅ ለማለት፣ ሺዙካ ና ኮዶሞ።"

እትዬ አሰብ አደረገችና፣ "አንደኛው ማሰሪያው ከጨርቁ ጋር አብሮ የተቆረጠ ነው፤ ሁለተኛው ቁልፍ ይተከልለታል" አለች። ልጆቹ ሳቁ፤ መምህሩም "በሉ በሱ ያዙት" አለ። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ሁሉ የና ወገኖቹን "ባለ ቁልፍ" ይላቸው ጀመር። ኪሬይ የምትባል ቃል ደግሞ አለች፤ ቆንጆም ንጹሕም ማለት ናት። ለጆሮ በኢ ስለምታልቅ ከመጀመሪያው ወገን ትመስላለች፤ ለካ ባለ ቁልፍ ናት። እትዬ ሦስት ጊዜ ተሳስታባት፣ "አስመሳይ!" ብላ ሰደበቻት።

አይደለም ለማለትም የኢ ወገኖቹ ራሳቸው ናቸው የሚለወጡት። መጨረሻቸው ላይ ያለችውን ኢ ያወልቁና ኩናይ ይለብሳሉ። ሚጂካይ አጭር፣ ሚጂካኩናይ አጭር አይደለም። እትዬ ይህችን ቃል የያዘቻት ዕለት ቤት እስክንደርስ አልተወቻትም፤ መንገድ ላይ ሰው እየዞረ ሲያያት እኔ ሦስት እርምጃ ቀድሜ መሄድ ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ ደንበኛ አበሳውን አየ። ሜትሩን አንገቷ ላይ አድርጋ የመጣውን ሁሉ በጃፓንኛ ትለካለች። እጅጌ ስትለካ "ናጋይ"፣ ወገብ ስታጠብ "ኪትሱይ"። ዳቦ ቤት ያለው ጎረቤታችን ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ ሆዱን ስትለካ፣ "ኦኪይ" አለች በረጅሙ።

"ምን አሉኝ እትዬ?" አለ።

እትዬ ደነገጠች። መዋሸት አትችልበትም፤ እኔ እችልበታለሁ። "ግርማ ሞገስ አለው ማለቷ ነው" አልኩት። ሰውዬው ደስ ብሎት ሄደ። ለካ ኦኪይ ትልቅ ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ለሠራተኞቹ "እኔ እኮ ኦኪይ ነኝ" ሲል ይሰማ ነበር፤ ማንም ደግሞ ዋሽቷል ሊለው አይችልም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ስንሄድ ያለፈው ጊዜ ትምህርት መጣ። መምህሩ፣ "እዚህ ጋ የኛ ሰው ሁሉ ነው የሚሳሳተው" አለ። "ረጅም ነበር ለማለት፣ ረጅም የሚለውን ሳንነካ ነው የሚለውን ብቻ ነበር እናደርገዋለን። ለባለ ቁልፎቹ እንደሱ ነው፤ ሺዙካ ዴስ፣ ጸጥ ያለ ነው፤ ሺዙካ ዴሽታ፣ ጸጥ ያለ ነበር። ለኢ ወገን ግን ነበር ቃሉ ውስጥ ነው የሚገባው። ለሰው ቁመት ረጅም የሚባለው ታካይ ነው፤ ታካካታ፣ ረጅም ነበር።"

"ዘይት ያጣ ማሽን ነው የሚመስለው" አልኩ ከኋላ። "ታካካታ፣ ታካካታ።" ልጆቹ ተንከተከቱ። እትዬ አልሳቀችም፤ ዞራም አላየችኝም።

መምህሩ ምንም አያውቅም፤ አልነገርነውማ። ሁሉም ስለሚያውቀው ሰው ቁመት አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲል፣ ከዚያ ወደ ኃላፊ እንዲለውጠው አዘዘ። ተራው እትዬ ጋ ደረሰ። እንደ ሕፃን ተማሪ ሁልጊዜ ተነስታ ነው የምትመልሰው። ተነሳች፤ "ሙሱኮ ዋ ሴ ጋ ታካይ ዴስ" አለች። ልጄ ቁመቱ ረጅም ነው።

"በጣም ጥሩ። አሁን ደግሞ ረጅም ነበር ይበሉ።"

"ታካይ ዴስ" አለች።

"እሱ ረጅም ነው ማለት ነው እናቴ። ነበር ነው የምንፈልገው።"

"ታካይ ዴስ" ብላ ተቀመጠች። መምህሩ ፊቷን አይቶ ወደሚቀጥለው ልጅ አለፈ። እኔ ቀና ማለት አልቻልኩም፤ ያንን የማሽን ቀልድ መልሼ ብውጠው ደስ ባለኝ።

መንገድ ላይ እጇን ያዝኩት። ጥቂት እንደሄድን፣ "የኛው ይሻላል" አለች። "እኛ ረጅም ነበር ስንል ረጅም የሚለው እንዳለ ነው፣ አልተነካም። ነበር ውጭ ነው የሚቆመው። እነሱ ወደ ውስጥ አስገቡት።"

"ለቋንቋ ብለሽ ነው እንዲህ የምትሆኚው?" አልኳት። ሲከፋኝ ነው የምቆጣው፤ ክፉ አመል ነው።

"ለቋንቋ አይደለም። እንዴት ነው የናፈቀኝ መሰለሽ። በር ላይ ጎንበስ ብሎ ሲገባ፣ ጭንቅላቱን እንዳይመታ። ስንቴ መትቶታል።"

"እኔንም ናፍቆኛል" አልኳት። ይህን ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ተባብለን አናውቅም ነበር። ሁልጊዜ እሷ ለእኔ ብላ ትደብቃለች፣ እኔ ለእሷ ብዬ እቀልዳለሁ። መንገዱ ዳር ቆመን እንደ ሞኝ ተላቀስን፤ አንድ አላፊ ሰው "ምን ሆናችሁ እናቶች?" ሲለን፣ "ቤት ሥራ በዝቶብን ነው" አልኩት።

እትዬ ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ተወች። የመሄጃው ሰዓት ሲደርስ ሥራ ታበዛለች፤ አንዴ ክር አለቀ፣ አንዴ ዓይኔን አመመኝ። አንድ ሁለቴ ዝም አልኳት። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ግን ዝም ቀሚስም አያስረዝምም። "እሺ፣ አትሂጂ" አልኳት በመጨረሻ። "ቅዳሜ ግን ሚጢጢ ስትደውል ምን ልትያት ነው? ወይስ አይድከሙ የተባልሽውን ተቀብለሽ ልታርፊ ነው?" ካውያዬን አንስቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ማሽኗ ቆመ። "ሚጂካኩናይ" አለች ቀስ ብላ ለራሷ፤ የረሳቻት እንደሆነ ለማየት። አልረሳቻትም።

ቅዳሜ ጠዋት መሳቢያ ሥር ያለውን የተጠለፈ ጨርቅ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈች፤ ከስልኩ በስተጀርባ የሚታየውን ሁሉ አስተካከለች። ለማሳያ ብላ አንዲት ትንሽ ቀሚስ ሰፍታለች፤ ለአሻንጉሊት የምታህል፣ ግን እጥፋቷ ሙሉ የሆነ። ስልኩ ጮኸ። ሚጢጢ ብቅ አለች፤ ፀጉሯ አገጯ ድረስ ተቆርጧል፣ ስምንት ዓመቷ ነው፣ የፊት ጥርሶቿ አዲስ ናቸው። ያ የአባቷ ቅንድብ እንዳለ ነው።

"ጌንኪ?" አለች እትዬ። ደህና ነሽ ማለቷ ነው።

ልጅቷ ዓይኗ ፈጠጠ። አያቷ በጃፓንኛ ስትናገር ሰምታት አታውቅም። "ጌንኪ!" አለች።

"ጌንኪ? በጣም ጌንኪ? ጌንኪ?" አለች እትዬ፤ እንደኛ ወግ አንዴ ደህና ነኝ ያለ ሰው መች ይለቀቃል። ሚጢጢ ወደ እናቷ ዞራ የሆነ ነገር ጠየቀች፤ የታመምኩ እመስላለሁ ወይ ብላ የጠየቀች ይመስለኛል። "ተይ እትዬ፣ ልጅቷን ሐኪም ቤት ልታስወስጃት ነው" አልኳት በሹክሹክታ።

እትዬ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ፉኩ" አለች ልጅቷ ላይ ያለውን ቀሚስ እየጠቆመች። "ሚጂካይ?"

"ሚጂካይ!" አለች ሚጢጢ፤ ተነስታ ቆመች፣ ቀሚሱ ጭኗ ላይ የት እንደሚያልቅ በእጇ አሳየች። እናቷ ከጎን ቶሎ ብላ የሆነ ነገር አለቻት፤ እንዲህ አይባልም፣ ነውር ነው እያለቻት መሰለኝ።

"ሚጂካኩናይ!" አለች እትዬ። ከወንበሯ ተነስታለች። ድምጿ እኔን ራሴን አስደነገጠኝ። ትንሿን ቀሚስ አነሳች፣ ጠርዟን ገለበጠች፣ "ናካ! ናካ ዋ ናጋይ ዴስ!" አለች። ውስጡ ረጅም ነው። መተርተሪያውን ይዛ አንዱን ስፌት ሳበችው፤ እጥፋቱ ተፈታ፣ ጨርቁ ወደ ታች ወረደ።

ሚጢጢ "ኤ!" ብላ ጮኸችና ከፊታችን ጠፋች። ባዶ ግድግዳ እያየን ቆየን። ከዚያ ምራታችን ራሷ መጣች። ሁልጊዜ ከስልኩ ኋላ ነበረች፤ ፊቷን በቅጡ ያየነው ያን ቀን ነው። ካርቶን ይዛለች። ከፈተችው። የእትዬ ቀሚሶች ሁሉ፣ ከመጀመሪያዋ የሕፃን ቀሚስ ጀምሮ፣ በስስ ወረቀት ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። አንድም አልተጣለም። እኛ የት እንደደረሱ እያሰብን ስንት ቀን ተብሰከሰክን።

አንዱን አንስታ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳበሰች። እጥፋቱን አገኘችው። አፏን በእጇ ያዘች። ሚጢጢ መቀስ አመጣችላት፤ እናቷም ስፌቱን አንድ በአንድ፣ ጨርቁን እንዳትነካው እየተጠነቀቀች ፈታችው። ጨርቁ ሲወርድ ከላይ በፀሐይና በእጥበት የደበዘዘ ቀይ፣ ከታች ደግሞ ገና ዛሬ ከጣቃው የተቆረጠ የመሰለ ቀይ ነበር። ምራታችን ይህን አዲሱን ቀይ እያሻሸች በቋንቋዋ ብዙ ተናገረች። አንዱም አልገባንም። መሃሉ ላይ ግን የልጃችንን ስም ጠራች፣ ቀጥላም "ያሳሺካታ" አለች።

ያሳሺ ማለት ደግ፣ ለስላሳ ሰው ነው፤ ቅጽሎቹን ስናጠና ነበረች። ካታ የምትለው ደግሞ ውስጧ ገብታለች። እትዬን አየኋት።  "ያሳሺካታ" አለች እሷም። ደግ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ፤ አንዷ ባሏን፣ አንዷ ልጇን። እኔ ካውያዬን አንስቼ የተተኮሰ ሸሚዝ እንደገና ተኮስኩ።

ከዚያ ልጅቷ ለብሳ አሳየችን። በመጨረሻ የተላከው ቀሚስ ጉልበቷ ላይ ደረሰ፤ "ናጋይ!" እያለች ተሽከረከረች። የካቻምናው ትንሽ ጠበባት። የአምስት ዓመቷን ደግሞ ትከሻዋ አላስገባ አለ፤ ስትታገለው "ኪትሱይ፣ ኪትሱይ" እያለች እየሳቀች ወደቀች። እትዬም ሳቀች። ስልኩ ሲዘጋ ግን ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ "አራት ጣት ትቼ ነበር" አለች። "አራት ጣት አልበቃትም። ይህ ሁሉ ስታድግ የት ነበርኩ?" ውሃ አመጣሁላት።

በሚቀጥለው ወር ሚጢጢ በክር ተለካች፤ እትዬ በራሷ ገላ ላይ ከትከሻ እስከ ጉልበት እያሳየቻት፣ ምራታችን ክሩን እየያዘች፣ "ናጋይ? ሚጂካይ?" እየተባባሉ። አይድከሙ የሚለውን ቃል ያነሳው አልነበረም። የልደቷ ቀሚስ በልኳ ሊሰፋ ነው፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ቀዩን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ጠመኔ ይዤ ርዝመቱን ምልክት አደረግሁ፣ ከሥሩ እንደልማዳችን አራት ጣት ጨምሬ ሌላ መስመር አሰመርኩ። እትዬ መጥታ አየችው። መስመሬን በመዳፏ አብሳ አጠፋችውና አንድ ጣት ብቻ ትታ አሰመረች።

"ምነው እትዬ፣ ጨርቅ አላነሰን" አልኳት። "በአንድ ጣትማ ስንት ወር ይቆያታል? ወዲያው ነው የሚያጥራት።"

መቀሱን አነሳች።

"ይጠር" አለች። "ሲያጥራት ደውላ ትነግረኛለች።"